ግትሯ እስክታብብ

እህቴ ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እበሳጫለሁ፣ ከዚያ እመልሳለሁ። በጠያቂው አይደለም የምበሳጨው። መልሱ ረጅም ነው፤ መሀሉ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። "የአናናስን ዘመዶች ታጠናለች" ስል "አናናስ ደግሞ ዘመድ አለው እንዴ?" ይሉኛል። አለው። ሰርግ ቢደግስ ጠርቶ የማይጨርሰው ዘመድ አለው። አብዛኛው አይበላም። አንዳንዱ እንዲያውም አፈር ሳይነካ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ በዝናብና በአየር ይኖራል። በጥቅሉ ብሮሚሊያድ ይባላሉ። እህቴ ወጣትነቷን፣ ጉልምስናዋንና የወገቧን ጤና የሰጠችው ለእነሱ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ የቤታችን የፊት ለፊት ክፍል ነው። እሷ ሳታገባ፣ እኔ አግብቼ ተመልሼ፣ አብረን እንኖራለን። ታላቄ ስለሆነች እታለም እላታለሁ። የሰፈሩ ሰው የጠወለገ አበባውን ታቅፎ እየመጣ "ዶክተሯ የለችም?" ይላል፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም ብላ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ታገላብጣለች፣ ውሃ አብዝታችሁበት ነው ትላለች፣ እነሱም አመስግነው ሄደው ውሃ ያበዙበታል።

ሥራዋ የገባኝ በራሴ ሙያ ስታስረዳኝ ነው። አንድ ቀን ከመስቀያዬ ላይ ሁለት ቀሚስ አወረደች። ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም አንገታቸው ክብ። የሰፋቸው አንድ ሰው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሳልገለብጥ አልመልስም አልኳት። ገለበጥኳቸው፤ አንዱ የእኔ ነው፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ ስለምሰፋ ከውስጥ ይታወቃል። ሌላው ደንበኛ ለማሳጠር ያመጣችው የፋብሪካ ልብስ ነው። "በቃ፣ ሥራዬ እሱ ነው" አለችኝ። ከላይ የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም፤ የማይመሳሰለውም ሁሉ ባዳ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእነዚህ ዕፅዋት መካከል ቅጠሎቻቸውን ከሥር አጥብቀው ገጥመው፣ ልክ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ አሉ። ሥሮቻቸው ዛፉን ለመጨበጥ ብቻ ናቸው፤ የሚጠጡት በቅጠላቸው ነው። ድሮ፣ ውሃ ያዥ የሆነ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስል ነበር። እታለም ግን የተለያዩ ቤተሰቦች በየራሳቸው መንገድ የደረሱበት ነው ትላለች። ጎረቤታሞች ሁሉ ጣሪያቸው ሥር በርሜል ስላስቀመጡ ወንድማማች አይሆኑም። እኔ "ሲጠማቸው ፈለሰፉት" ስል ትቆጣኛለች። ማንም አልፈለሰፈም፤ በትውልድ ብዛት ውሃ መያዝ የቻለው እየተረፈ፣ ያልቻለው እየቀረ መጥቶ ነው። እሺ፣ አልፈለሰፉትም።

በዚህ ውሃ የተነሳ ያየነውን መከራ እኛ ነን የምናውቀው። አንድ ጊዜ የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው ቢምቢ ይራባል ብለው በመሥሪያ ቤቷ የመስታወት ቤት ውስጥ ያሉትን ዕፅዋት ሁሉ ውሃቸውን አስደፉ። እያንዳንዷን ዘቅዝቀው። እታለም ያን ሰሞን የዝናብ ውሃ በጣሳ እየቀዳች አንድ በአንድ መልሳ ሞላቻቸው፣ እኔም በእረፍት ቀኔ ጣሳ ይዤ ተሰልፌያለሁ። የቧንቧ ውሃ ለምን አይሆንም ብዬ ስጠይቅ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ይጥላል ተባልኩ። ሰው ልጁን እንዲህ አያሳድግም።

ከሁሉም የከፋችው ግን አንዲት ናት። ግትሯ ብለን ነው የምንጠራት። የእታለም አስተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ሩቅ አገር ጫካ ውስጥ ከወደቀ ዛፍ ላይ ነቅለው ያመጧት ቡቃያ ናት። ሰውዬው ሞተዋል፤ ጫካውም ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል። ሌላ የለም። ስታዩዋት ምንም አይደለችም፦ ቅጠሏ ለስላሳ፣ ጠርዟ እሾህ የሌለው፣ ሆዷ ውሃ የሞላ። ያያት ባለሙያ ሁሉ "ይቺ የነእገሌ ወገን ናት" ብሎ እሾህ ከሌላቸው ጋር ያስቀምጣታል። እታለም ዘረመሏን አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ግትሯ የእሾሃሞቹ፣ የአናናስ የራሱ የቅርብ ዘመድ ሆና ተገኘች። እንግዲህ ከእሾሃም ቤት ተወልዳ እሾህዋን የጣለች፣ ውሃ መያዙንም ለብቻዋ የደረሰችበት ናት ማለት ነው። እህቴ ያን ቀን ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ይህንን ጽፋ ለመጽሔት ላከች። ገምጋሚዎቹ አላመኗትም። ናሙናው ከሌላ ተቀላቅሎ ይሆናል አሉ፤ በትሕትና ነው ያሉት፣ ትሕትናቸው ደግሞ ይበልጥ ያቃጥላል። አበባዋን አሳዪን አሉ። አበባው የልብስ ውስጥ ስፌት ማለት ነው፤ የዘር ቋቱ ከአበባው ቅጠሎች በላይ ከተቀመጠ የለስላሶቹ ወገን ናት፣ ከታች ከተቀመጠ የአናናስ ወገን። አንድ አበባ ለሁለት ሰንጥቆ ማየት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ግትሯ ግን አታብብም።

ሌሎቹ ያብባሉ፣ ይሞታሉ፣ ይተካሉ። እነዚህ ዕፅዋት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ አብበው ነው የሚያልፉት፤ ከማለፋቸው በፊት ከጎናቸው ቡቃያ ያወጣሉ፣ በመስታወት ቤቱ ቋንቋ "ልጆች" ይባላሉ። ግትሯ አበባም የላት፣ ልጅም የላት፣ ውሃዋን ይዛ ቁጭ። እኔ "ምን ትላለች የዛሬዋ ሙሽራ?" እያልኩ እቀልድ ነበር፤ እየቆየ ቀልዱም ሰለቸኝ። እታለም "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትለኛለች። እንቁላሉ በእግሩ ሲሄድ እኛ ፀጉራችን ሸበተ።

ከዚያ የጡረታዋ ዓመት መጣ። እሷ ስትወጣ የመስታወት ቤቱ ለሽያጭ የሚሆኑ የሳሎን አበባዎች ይገቡበታል ተባለ። ኃላፊው ይህንን የነገራት ኮሪደር ላይ፣ በሁለት ስልክ መሀል ነው። ግትሯ ወይ እሷ ወንበሯ ላይ እያለች ታብባለች፣ ወይ ደግሞ ማንም የማይሰነጥቀው አበባ ሆና ትቀራለች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጥሬ አቮካዶ ከበሰለ ሙዝ ጋር ላስቲክ ውስጥ ቢቀመጥ ቶሎ እንደሚበስል ሁላችንም እናውቃለን። የሙዙ ትንፋሽ ነው። ያው ትንፋሽ የአናናስን ወገኖች ያለጊዜያቸው እንዲያብቡ ያደርጋቸዋል፤ አበባ ነጋዴዎች በዚህ ዓይነት ዘዴ ይጠቀማሉ። እታለም ይህንን ዘዴ ትጠላው ነበር። ሕፃን ልጅ መዳር ነው ትል ነበር። ገና ያልጠነከረች ተክል ተገድዳ ካበበች ጉልበቷን ለአበባ ጨርሳ፣ ልጅ ሳትተካ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ለአትክልተኞቹ ሁሉ ሕግ አውጥታ ነበር፦ ያለዕድሜዋ የአበባ ዘንግ ያወጣች ካለች ሳትጠይቁኝ ቁረጡ፣ ጉልበቷ ወደ ልጆቿ ይሂድ። አንዱ አትክልተኛ አበባው ያምራል ብሎ ሳይቆርጥ ቢቀር ሰው ፊት ገስጻዋለች።

ይቺው ሴትዮ ናት እንግዲህ አንድ እሑድ ከጠረጴዛዬ ላይ የበሰለ ሙዝ አንስታ፣ የሙሽራ ልብስ የምሸፍንበትን ትልቁን ላስቲክ ለምና ወስዳ፣ ማንም በሌለበት ግትሯን ከሙዝ ጋር ያጋባቻት። የሆዷን ውሃ አፍስሳ፣ ሙዙን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ላስቲኩን አስራ፣ ከኋላ መደርደሪያ ሥር ደበቀቻት። ከቀናት በኋላ ላስቲኩን ፈትታ፣ ውሃዋን ሞልታ ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። አፍራ ነበር። ሌላውን የከለከለችውን ራሷ ስታደርግ ሰው እንዳያያት።

ሳምንታት አለፉ፣ ምንም የለም። ሙዙ አልሠራም ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር። አንድ ማታ እራት ስንበላ ማንኪያዋን አስቀምጣ "ቀይ ነገር አየሁ" አለችኝ። ከቅጠሎቹ መሀል፣ ከውሃው ሥር፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቀይ ዘንግ። ሁለታችንም ጮክ ብለን ለመናገር ፈራን፣ የምትሰማን ይመስል።

ጉድ የሚፈላው ደግሞ ሁልጊዜ በሰላም ቀን ነው። ያሳደገችን አክስታችን ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አስታማሚ ያስፈልጋት ነበር። የወንድማችን ሚስት አራስ፣ እኔ የሰርግ ወራት ሥራ ውስጥ ተቀብሬ። እታለም ሄደች። ዘንጉ እስኪረዝምና አበባው እስኪከፈት ጊዜ አለ ብላ አስልታ ነው የሄደችው፣ ስሌቷም ትክክል ነበር። የአክስታችን ቁስል ግን አመረቀዘ፣ ቆይታውም ረዘመ።

እዚያ ሆና በየቀኑ ለአትክልተኞቹ አለቃ ትደውልላቸዋለች። ጋሼ መቀስ ነው የሚባሉት፤ መቀሳቸው ከደረት ኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅርንጫፍ መቁረጥ የሚያውቅ ጠፍቶ በኮንትራት የተመለሱ ሰው ናቸው። እታለም "እንዴት ናቸው?" ትላለች፤ እሳቸው "ሁሉም ደህና ናቸው፣ አንቺ ለአክስትሽ አስቢ" ይሏታል። ስለ ዘንጉ ግን አትጠይቅም፤ ከገምጋሚዎቹ ጋር ያላትን ጉዳይም ለእሳቸው አጫውታ አታውቅም። ብትጠይቅ ምን አስቸኮላት ይባላል፣ ከዚያ ሙዙ ይመጣል። አንዲት ቃል "እሱን እንዳትነኩት" ብትል ኖሮ! ይህንን ሳስበው ዛሬም መርፌው እጄ ላይ ይቆማል።

የተመለሰች ዕለት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ተቀብያት ቤት እንሂድ ብላት እምቢ አለች፣ ሻንጣዋን እኔ ተሸክሜ በቀጥታ መሥሪያ ቤቷ ሄድን። የመስታወት ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ከነእርጥበቱ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። እሷ ቀድማ ገባች። ከኋላዋ ስደርስ ግትሯ ፊት ቆማለች። ከቅጠሎቹ መሀል ንጹሕ ቁራጭ ይታያል፣ እንዳይመረቅዝ የከሰል ዱቄት የተነሰነሰበት። እንዲህ የሚቆርጥ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ጋሼ መቀስ ከወዲያኛው ጥግ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ፣ አቀፏት፣ ስለ አክስታችን ጠየቁ።

"ጋሼ፣ የግትሯ ዘንግ የታለ?" አለች።

"ቆረጥኩት" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። "ተመስገን በይ፣ በጊዜ ደረስኩባት። ይቺ ዓመት ብትቆጥርም ገና አልጠነከረችም፤ ምን እንደነካት እንጃ፣ ያለዕድሜዋ ልታብብ ተነስታ ነበር። ብተዋት ልጅ ሳታወጣ ትሞትብሽ ነበር። ስንት ዘመን የጠበቅሻትን።"

እታለም ጎንበስ ብላ ቁራጩን አየችው።

"በስልክ ያልነገርኩሽ በሐኪም ቤቱ ጭንቀት ላይ ሌላ እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነው" አሉ። "ሌላ ተክል ቢሆን ለወጣቶቹ አትክልተኞች አዝዤ እተኛ ነበር። ይቺን ግን በራሴ እጅ ነው የቆረጥኳት።"

አፌን ልከፍት ስል እታለም ክንዴን ያዘችኝ፣ ጠበቅ አድርጋ። ከዚያ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ ዘንጉን የት እንደጣሉት ጠየቀቻቸው። ብስባሽ ክምሩ ውስጥ ነው አሉ፤ ለምን እንደምትፈልገው ግራ ገብቷቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛም ከጓሮ የብስባሽ ክምር ላይ ተንበርክከን ለቀምን። የተቆረጠ ሣር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሻይ አተላ፣ ከሥር እንፋሎት የሚወጣው ሙቀት። የለበስኩት ቀሚስ ደግሞ አዲስ ነበር። ዘንጉን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከክምሩ ሙቀት የተነሳ ልል ሆኖ፣ ቀዩ ቀለም ወደ ቡኒ ሄዶ ነበር። እታለም በመዳፏ ላይ አስተኝታ ወደ ቤተ ሙከራው ወሰደችው።

ያልተከፈቱትን እምቡጦች አንድ በአንድ በስለት እየሰነጠቀች ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባች። የመጀመሪያው ገንፎ ሆኗል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ወደ ጫፉ አካባቢ አንድ ጠንከር ያለ ተገኘ፤ ስትሰነጥቀው ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ነበር። ረጅም ጊዜ አየች። ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። እኔ ያየሁት ቡኒ ነገር ነው።

"ከላይ ነው ከታች?" አልኳት።

"አይለይም" አለች። "ገና ቦታውን ሳይይዝ ነው የተቆረጠው። የያዘውም በስብሷል።"

ቤት ስንመለስ በመንገድ ሁሉ የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰውዬው ምን እንዳደረጉ ይወቁት፣ ደስ ብሏቸው አይተኙ አልኩ። ዕድሜ ልክ ጠብቆ በመቀስ መነጠቅ ምን እንደሆነ ይግባቸው አልኩ። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው? ሕጉን ያወጣሁት እኔ። ሙዙን ያስገባሁት እኔ። የደበቅሁትም እኔ። እሳቸው የእኔን ቃል ነው የጠበቁት።"

"እና ዝም ልንል ነው?"

"ሆድ ይፍጀው" አለች፣ ቁልፉን ከቦርሳዋ እየፈለገች።

የእሷ ሆድ ፈጀው ይሆናል። የእኔ ግን እስካሁን ይጮኻል።

ጽሑፏ በመጨረሻ ታተመ፤ ገምጋሚዎቹ እንደፈለጉት ተደርጎ። የዝምድናው ሥዕል ትልቅ ዛፍ ነው፣ ቅርንጫፎቹ ሁሉ በወፍራም መስመር የተሣሉ። ከአናናስ አጠገብ አንዲት ቀጭን የነጠብጣብ መስመር አለች፣ "ያልተረጋገጠ" ተብሎ የተጻፈባት። ይኸው ነው። አንድ ዕድሜ ሙሉ ለአንዲት የነጠብጣብ መስመር። እኔ ነጠብጣብ የምሠራው ጨርቅ ላይ በጠመኔ ነው፣ ከሰፋሁ በኋላ አራግፈዋለሁ።

በመሸኛዋ ቀን አዳራሹ ውስጥ ለስላሳና ብስኩት ቀረበ። ኃላፊው ንግግር ሲያደርግ እህቴ የደከመችባቸውን ዕፅዋት ኦርኪድ እያለ ጠራቸው፤ ያረመው ሰው የለም። ሰዓት ሰጧት። ሰዉ ሊበተን ሲል ጋሼ መቀስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። ጋዜጣውን ሲገልጡት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ የተተከለች የጣት ርዝመት ያላት ቡቃያ ናት። ከግትሯ ጎን የወጣች። እናቲቱ መድረቅ ጀምራለች፣ ያወጣችውም ይቺን አንዷን ብቻ ነው።

"ያን ዕለት ባልቆርጣት ይቺን አታገኚያትም ነበር" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "አንቺ ያስተማርሽን ነው።"

እታለም በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች። እኔ ብስኩቴን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

አሁን ቡቃያዋ የሱቄ መስኮት ላይ ናት፤ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ። የዝናብ ውሃ በማንኪያ ወደ ልቧ የማንቆረቁረው እኔ ነኝ፣ የእታለም ጉልበት ደረጃ መውረድ ስለሚያስቸግረው። እስክታድግ ስንት ዓመት ይፈጃል ብዬ ጠይቄያት ነበር። እናቷን ያህል ከቆየች አንቺ ወይ እኔ አንዳችን እንኖር ይሆናል አለችኝ፤ እየቀለደች ይሁን አይሁን አልታወቀኝም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሙዝ አይገባም። ደንበኛ ቦርሳዋ ውስጥ ሙዝ ይዛ ከመጣች ከደጅ ሆና ትለካለች። እብድ ናት ይሉኛል፣ ይበሉ።

ጋሼ መቀስ አልፎ አልፎ ሊጠይቁን ይመጣሉ። ባዶ እጃቸውን መምጣት አይወዱም፤ የሚያመጡት ደግሞ፣ ጉዴን ስሙ፣ ሁልጊዜ ሙዝ ነው። ከደጅ ተቀብያቸው በጓሮ በኩል ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። ወንበር አምጥተው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፣ መነጽራቸውን አድርገው ቡቃያዋን ከላይ ከታች ያያሉ፣ ቅጠሏን በጣታቸው ጫፍ ይዳብሳሉ።

"እንዴት ናት? አበባ ምናምን አላሳየችም አይደል?" ይላሉ።

"ገና ልጅ ናት ጋሼ" ትላለች እታለም።

እኔ አንገቴን ሳላቀና እሰፋለሁ። ክሩን በጥርሴ ነው የምበጥሰው። እሳቸው ከበር ሲታዩኝ መቀሶቼን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ እቆልፍባቸዋለሁ።